ለአባቴ የመረጥኩት ክፍል

የአባቴን ዓይን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይህችን አጭር ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቻት አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም፤ ለእህቴ አልነገርኳትም፤ የትውልድ ቀዬዬ ግራና ወርጄ መቃብራቸው አጠገብ ስቆም እንኳ ዱዓ አድርጌ ተመለስኩ እንጂ አልተናገርኳትም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት፤ ሆዴ ግን ሊፈጀው አልቻለም። ዛሬ ለማላውቅህ ለአንተ ልናገረው ነው። ብታውቀኝ ኖሮ እንደ ልማዴ አሳምሬ እዋሽህ ነበር።

ማሳመር ሥራዬም ነው። ወልድያ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ስልጠናና ስብሰባ አስተባብራለሁ፤ ከየወረዳው የሚመጣው ሰልጣኝ የት እንደሚያርፍ የምመርጠው እኔ ነኝ። አቅማችን የሚፈቅደው መካከለኛ ሆቴል ነው፤ ሊፍት የሌለው፣ ግን አንሶላው ንጹሕ የሆነ። የከተማችንን እንዲህ ያሉ ሆቴሎች አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። ውኃ አለ ወይ ብዬ እንግዳ ተቀባይዋን አልጠይቅም፤ ከሰዓት፣ የፈረቃው ውኃ ሲቋረጥ ጠብቄ ሄጄ ቧንቧውን ራሴ እከፍታለሁ። ፍራሹን በጉልበቴ እጫነዋለሁ። በዋናው መንገድ በኩል ያለ ክፍል አልይዝም፤ የመቀሌው ከባድ መኪና ማርሽ ሲቀይር መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። ጄኔሬተሩ አጠገብ አልይዝም፤ ከግሮሰሪው በላይም አልይዝም። የሙስሊም ማዕድ ቤቱ በእርግጥ ለብቻው መሆኑን ጓዳ ድረስ ገብቼ አያለሁ። ባልደረቦቼ፣ ሰይድ ሆቴል ሲመርጥ ሚስት የሚያጭ ይመስላል እያሉ ያሾፉብኛል።

ይህን የምነግርህ ልመካብህ አይደለም። ያን ሳምንት የሠራሁትን የሠራሁት እያወቅኩ መሆኑን እንድታይልኝ ነው።

አባቴ እንድሪስ ሀብሩ ወረዳ ውስጥ፣ ከግራና ገበያ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ሽንኩርትና ማሽላ ሲያለሙ የኖሩ ገበሬ ነበሩ። እናቴ ከሞተች በኋላ እህቴ ዘይነባ ነበረች የምትጦራቸው። በመጨረሻ ሁለቱም ዓይናቸው ሞራ ለበሰ፤ ሰውን በድምፁ ብቻ መለየት ጀመሩ። የዓይን ሐኪሞች በዘመቻ ወልድያ መጥተው ሞራ ይገፍፋሉ የሚል ወሬ ስሰማ ሄጄ አመጣኋቸው። በመጀመሪያ ቀኙ ይሠራ ተባለ። ሚስቴ ሰዓዳ የሳሎኑን አልጋ አነጠፈችላቸው፤ ሕፃኗን ልጃችንን ጭናቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። እዚህ ድረስ ጥሩ ልጅ ነበርኩ።

ሰኞ ሊሠሩ እሑድ ከሰዓት ስልክ ተደወለ። የሰዓዳ አባትና እናት ማክሰኞ ከደሴ መጥተው እስከ ሐሙስ ይቆያሉ። ሰዓዳ ደስታዋን አልቻለችውም። አባባም እዚህ ስላሉ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ነው፣ ቤተሰብ ከቤተሰብ ይተዋወቃል አለችኝ። እኔ ግን አባቴን ከቤት የማወጣበትን ሰበብ መፈለግ ጀመርኩ።

ለምን እንደሆነ ልናዘዝ። ለአማቾቼ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ እንደገባሁ ነግሬያቸው ነበር። እውነቱ ሌላ ነው፤ አሥረኛ ክፍል ወድቄ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ግራና ገበያ ላይ ሽንኩርት በጀርባዬ እየተሸከምኩ አይሱዙ ላይ ስጭን ኖሬ፣ ደግሜ ተፈትኜ ነው ያለፍኩት። አባቴ ደግሞ በዚህች ዓለም ላይ ከዚህ ወሬ የበለጠ የሚወዱት ወሬ አልነበራቸውም። ሰው ባገኙ ቁጥር እጁን ጭብጥ አድርገው ይዘው፣ ይሄ ልጄ እኮ ቀን ኩንታል ተሸክሞ፣ ሲመለስ ደብተሩን የሚይዝ ነበር ይሉታል። እሳቸው የሚኮሩበትን እኔ አፍርበት ነበር። ኒካሃችን ደሴ ሲታሰር እንኳ መንገዱ ይከብድዎታል ብዬ አስቀርቻቸው፣ አማቾቼን ታመዋል አልኳቸው። አልታመሙም ነበር። ሽንኩርት መጫን ወንጀል ነበር? ሰርቄ ነበር? ቀምቼ ነበር? አሁን ስጠይቀው ያስቀኛል፤ ያን ጊዜ ግን አማቼ ሳሎኔ ውስጥ ተቀምጠው ያንን ወሬ ሲሰሙ እየታየኝ አላበኝ።

ሰኞ ተሠሩ። ማክሰኞ ጠዋት ፋሻው ተፈታ። አባቴ መጀመሪያ ያዩት የኔን ፊት ነበር። ትክ ብለው አዩኝ፤ ከዚያ እጃቸውን ወደ ጉንጬ ሰደዱ።

«ጺምህ ሸብቷል እኮ ልጄ። ማነው እንዲህ ያስረጀህ?» አሉኝ።

ሐኪሟ ኮሪደሩ ላይ ወጥታ የአቶ እንድሪስ አስታማሚ ማነው ብላ ተጣራች። እኔ ነኝ አልኩ። አዎ፣ አስታማሚው እኔ ነኝ አልኩ። አባቴ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው፣ ተራ ለሚጠብቁት ሁሉ አላህ ያሽራችሁ እያሉ ዱዓ ያድሉ ነበር፤ አይሰሙንም። ሐኪሟ ሌላ ሰው እየጠበቃት በችኮላ፣ ግን ግልጽ አድርጋ ነገረችኝ።

«ለአንድ ሳምንት ጎንበስ እንዳይሉ። ሲሰግዱ ተቀምጠው ይስገዱ፤ ግንባራቸው መሬት እንዳይነካ። ፊታቸውን ውኃ እንዳይነካው፤ በውዱእ ትጥበት ፋንታ ያለ ውኃ ተየሙም ያድርጉ። ጠብታውን በየአራት ሰዓቱ ጨምርላቸው። ብቻቸውን እንዳትተዋቸው። በደንብ አድርገህ አስረዳቸው እሺ?»

እሺ አልኩ።

ከዚያ ወደ አባቴ ሄጄ ሌላ ነገር ነገርኳቸው። ሐኪሟ ጸጥ ያለ ቦታ ይረፉ ብላለች፤ እኛ ቤት ሕፃን አለች፣ ጫጫታ ነው፤ ጥሩ ሆቴል ይዤልዎታለሁ አልኳቸው። በሐኪም አፍ ዋሸሁ። በእኛ አገር፣ ቤት እያለ ዘመድን ሆቴል ማሳረፍ በር እንደመዝጋት ይቆጠራል፤ ይህን ግራና ውስጥ የማያውቅ የለም። አባቴም ሐኪም ካለ ምን ይደረጋል፣ ኸይር ነው ብለው ተነሡ። ለሰዓዳ ደግሞ አባባ ማሽላው አስቸኩሏቸው ግራና ሄደዋል፣ ዘይነባ ታስታምማቸዋለች አልኳት። ሳይሰናበቱኝ ብላ ከፋት።

ሆቴሉን የመረጥኩት ሰኞ፣ እሳቸው ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ እያሉ ነበር። እንዴት እንደመረጥኩት ልንገርህ? ሁልጊዜ መጀመሪያ የምጠይቀው ውኃውን ነው። ያን ቀን መጀመሪያ የጠየቅኩት ከቤቴ ስንት ያህል ይርቃል የሚለውን ነው። ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ አገኘሁ። ሩቅ መሆኑን ካረጋገጥኩ በኋላ ግን ልማዴ ተነሣብኝ፤ ቧንቧውን ከፈትኩ፣ ፍራሹን ተጫንኩ፣ ጓዳውን አየሁ። ደረጃ እንዳይወጡ ምድር ቤት፣ በጓሮ በኩል ያለ ክፍል ያዝኩ። አዲስ መስገጃ ገዛሁ። ቂብላውን በስልኬ አይቼ፣ መስገጃውን ወደ ሰሜን፣ ወደ መቀሌ መንገድ አቅጣጫ፣ በገዛ እጄ አነጠፍኩ። ውኃ ቢቋረጥ ለውዱእ እንዳይቸገሩ ባልዲ አስሞልቼ ጆግ አስቀመጥኩበት።

ማክሰኞ ካስገባኋቸው በኋላ ያንን ባልዲ አላነሣሁትም። ያንን መስገጃ አልጠቀለልኩትም። ሐኪሟ የነገረችኝን አንድም ቃል አልነገርኳቸውም። ረሳሁት ብልህ ይቀለኝ ነበር፤ አልረሳሁትም። ጎንበስ አይበሉ፣ ፊትዎን አያስነኩ፣ ብቻዎን አይሁኑ ብላቸው፣ ታዲያ ማን አጠገቤ ይሆናል ይሉኝ ነበር። ስለዚህ የየአራት ሰዓቱን ጠብታ አንድ ጊዜ ብቻ አድርጌላቸው፣ ስመለስ እነግራቸዋለሁ ብዬ ወጣሁ። እንግዶቹ መናኸሪያ ደርሰው ነበር።

ረቡዕ ምሳ ሰዓት ላይ ሥራ አለኝ ብዬ ከቤት ወጥቼ በባጃጅ በረርኩ። ክፍል የምታጸዳዋ ዘምዘም የምትባል ሴት በሩ ላይ አገኘችኝ።

«ወንድሜ፣ አባትህ እኮ ሱጁዳቸው ረዥም ነው» አለችኝ። «ግንባራቸውን ደፍተው ይቆያሉ፣ ይቆያሉ። ስምህን ሲያነሡ እሰማለሁ። ወላሂ ታድለሃል።»

እንግዲህ ፍረድ። ያን ጊዜ በሩ ላይ ቆሜ ሁሉንም ዐውቄ ነበር። ገብቼ፣ አባባ በቃ፣ ተቀምጠው ይስገዱ ለማለት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ስልኬ ጮኸ፤ ሰዓዳ ነበረች። በሩ አጠገብ ሆኜ፣ እንግዶቹን አታስጠብቂያቸው፣ ምሳውን አቅርቢ፣ መጣሁ አልኳት። ገብቼ ጠብታውን አደረግኩ። አባቴ ከተማው ተስማምቶኛል፣ ውኃው ደግሞ ማሻአላህ እንደ ወንዝ ነው አሉኝ። አሁን ብነግራቸው ትናንት ለምን አልነገርከኝም ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ነገ አልኩ። ነገ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ አማቾቼን ሸኘሁ። አማቼ ደስ ብሏቸው ሄዱ፤ አንቱ የሚባል ልጅ ነው ብለው መረቁኝ። ሆቴል ስደርስ አባቴ አልጋው ላይ ተቀምጠው ነበር። ዓይናቸው ደም ለብሶ ቆቡ አብጧል። ትንሽ ይቆጠቁጠኛል አሉ። ትንሽ የሚያማቸው ሰው ፊት አልነበረም።

አንከብክቤ ወደ ሐኪሟ ወሰድኳቸው። በባትሪ አየችና ፊቷ ተለዋወጠ። ዓይኑ መርቅዟል፣ ኢንፌክሽኑ ውስጡ ድረስ ገብቷል አለች። ከዚያ እኔን ሳይሆን እሳቸውን ጠየቀች።

«አባቴ፣ ጎንበስ አይበሉ፣ ውኃ አያስነኩ አልተባሉም?»

አንድ ሰው እውነት ለመናገር ከዚህ የተሻለ ቦታ የት ያገኛል? አፌን ከፈትኩ። ከፈትኩና ዝም አልኩ። አባቴ ያንን የቀረውን፣ ሞራ የለበሰውን ግራ ዓይናቸውን ወደኔ አዞሩ። ምን ያህል እንዳዩኝ አላህ ያውቃል።

«ተብያለሁ» አሉ። «ልጄ ደጋግሞ ነግሮኛል። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩ።»

ሐኪሟ ተቆጣቻቸው። ሽማግሌ ሰው ሆነው እንዴት እንደ ሕፃን ይሆናሉ አለቻቸው። አንገታቸውን ደፍተው ተቀበሉ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ቁጣው እስኪያልቅ ጠበቅኩ።

ዓይኑ አልተረፈም። ከቀናት በኋላ ከሆስፒታል አውጥቼ በሚኒባስ ወደ ግራና ስመልሳቸው፣ አጠገባችን ለተቀመጠ ሰው ልጄ በሆቴል አስቀመጠኝ፣ እንደ ባለሥልጣን ኖርኩ ብለው አጫወቱት። ፋሻውን አይቶ ምን ሆኑ ቢላቸው የራሴ ጥፋት ነው አሉት። ሲሪንቃን እንዳለፍን ሰውየው ወረደ። አባቴ ወደኔ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እንግዶችህ በደህና ገቡ?» አሉኝ።

አዎ አልኩ። አልሃምዱሊላህ አሉ። ከዚያም በኋላ እስኪሞቱ ድረስ ነገሩን አላነሡብኝም። በሩ አጠገብ በስልክ ያወራሁትን ሰምተው ይሁን ከዚያም በፊት ገብቷቸው፣ አላውቅም። ልጠይቃቸውስ በምን አፌ?

ግራው ዓይን ይሠራ ብዬ ሁለት ጊዜ ለመንኳቸው። ወልድያ ሄጄ አላስቸግርህም አሉ። ጨርሶ ጨለመባቸው። ዘይነባ በእጃቸው እየመራች ለሶላት ታወጣቸዋለች፤ መንገድ ላይ፣ ሐኪም ያለዎትን ቢሰሙ ኖሮ እያለች ትቆጣቸዋለች። እሳቸው እውነትሽን ነው ይሏታል። የሆቴሉ ወሬ ያልደረሳት ሰዓዳም እስከ ዛሬ በማሽላቸው ምክንያት ቸኩለው የጠፋ ዓይን ነው ትላለች። የግራና ሰው ግን ሲያየኝ ይመርቀኛል፤ አባቱን ሆቴል አስቀምጦ ያሳከመ ልጅ ይለኛል። ወሬውን ያዳረሱት እሳቸው ናቸው። የሽንኩርቱን ወሬ ትተው ያንን ነበር ለሰው ሁሉ የሚያወሩት። ሽንኩርቱን ድጋሚ ሲያነሡ አልሰማኋቸውም።

አምና ሞቱ። ከመቀበራቸው በፊት ኢማሙ እንደ ወጉ ወደ ሕዝቡ ዞሮ፣ ሟቹ ያስቀየሟችሁ ካለ አፉ በሏቸው አለ። ሕዝቡ በአንድ ድምፅ አፉ ብለናል አለ። እኔ ከፊት ነበርኩ። የልጃቸው ድምፅ እንዲሰማ ሰው ይጠብቃል። አፉ ብያለሁ አልኩ። እኔ፣ እሳቸውን።

እነሆ ነገርኩህ። አንተን አፉ በለኝ አልልህም፤ የጠፋው ዓይን ያንተ አይደለም።