የስለቱ ማር

ጥሩነሽ በመቱ የወጣቶች ማዕከል የሴቶች መረብ ኳስ አሰልጣኝ ናት። አሰልጣኝ ሲባል ደረት የሚያስነፋ ነገር እንዳይመስላችሁ። የተቀደደውን መረብ የምትሰፋውም፣ ሜዳው ላይ የተኙትን ላሞች የምታባርረውም፣ ዝናብ ሲያባራ ውሃውን በመጥረጊያ የምትገፋውም እሷው ናት። በኢሉባቦር ደግሞ ዝናብ መቼ አባርቶ ያውቃል! ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጃገረዶቹ ቀለምና ብሩሽ አስይዛ የማዕከሉን ግንብ ታስቀባለች። ለምን እንደሆነ ሲጠይቋት «አፍ እምቢ ሲል እጅ ይናገር ብዬ ነው» ትላለች።

ሰኚን ያመጡላት የልጅቷ አክስት እትዬ ሻሽቱ ነበሩ። ሰኚ የያዮ ልጅ ናት። እናቷ ምጥ ጠንቶባት ወደ መቱ ሆስፒታል ስትጫን፣ የእናቷን ራስ ጭኗ ላይ አስደግፋ የመጣችው ሰኚ ናት። ሕፃኑ መንገድ ላይ ተወለደ፤ እናትየው ግን ከተማውን ሳታይ አረፈች። ከዚያን ቀን ወዲህ ሰኚ ቃል ከአፏ አልወጣም። አባቷ ጋሼ ደቅሲሳ ጠበል ወሰዷት፣ አስጸለዩላት፤ በመጨረሻ አየር ትቀይር ብለው መቱ አክስቷ ዘንድ አስቀመጧት።

ጥሩነሽ ልጅቷን ምንም አልጠየቀቻትም። ሜዳ አስገባቻት፣ በቃ። ችግሩ፣ መረብ ኳስ አፍ ዘግተው የሚጫወቱት ጨዋታ አይደለም። ኳሷ በሁለት ሰው መሀል ስትወርድ አንዷ «የኔ!» ብላ ካልጮኸች ግንባር ለግንባር መጋጨት ነው። ሰኚ ስለማትጮህ ጓደኞቿ ተላተሙባት፤ የአንዷ ከንፈር ተሰነጠቀ፣ የሌላዋ አፍንጫ ነሰረ። «ይቺ ልጅ ሳትጨርሰን አትቀርም» ብለው አጉረመረሙ። ጥሩነሽ ግን ከሜዳ አላወጣቻትም። ክረምቱ አልፎ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኳሷ ቁልቁል ስትመጣ፣ ከኋላ መስመር «ካን ኮ!» የሚል ድምፅ ፈነዳ። አፏን በፈታችበት በኦሮምኛ፣ የኔ ነች ማለቷ ነበር። ሁሉም ዞሮ እሷን ሲያይ ኳሷን ያየ አልነበረም። ጥሩነሽ እልልታዋን አቀለጠችው።

ከዚያ በኋላ ሰኚ ውሃ መጠየቅ፣ መሳቅ፣ ሲሸነፉ መሳደብም ጀመረች። ቅዳሜ ግንቡ ላይ የምትስለው ግን አልተለወጠም፤ አንድ ቀይ የአፈር መንገድ ብቻ፣ ሰውም መኪናም የሌለበት። ጥሩነሽ አይታዋለች። ደስታ ዓይን ይጋርዳል፤ አይታ አለፈችው።

ጋሼ ደቅሲሳ ወሬውን ሲሰሙ ባልዲ ማር ይዘው በሚኒባስ ከተፍ አሉ።

«ልጄን ላናገረልኝ ሰው ከቀፎዬ የመጀመሪያውን ማር አገባለሁ ብዬ ተስዬ ነበር። ይኸው» አሉ።

ጥሩነሽ ስለት ለታቦት እንጂ ለመረብ ኳስ አሰልጣኝ ሲገባ አይታ አታውቅም። ቢሆንም እንዴት ደስ አይላት! በሁለት እጇ ተቀበለች፣ በጣቷ ቀመሰች፣ «ተመስገን ነው ጋሼ፣ ልጅዎ ድናለች!» ብላ እንደገና እልል አለች።

በማግስቱ ሰኚ ከሜዳ ቀረች። ጥሩነሽ እትዬ ሻሽቱ ቤት ስትደርስ የልጅቷ ልብስ በፌስታል ታስሮ ደጅ ላይ ተቀምጧል።

«ከዳነችማ ቤቷ ትግባ» አሉ ጋሼ ደቅሲሳ። «ቡናው ደርሷል፤ ሕፃኑንም የሚይዝልኝ የለም።»

«ኧረ ጋሼ፣ ገና ናት። ትንሽ ጊዜ ይስጧት።»

«እርስዎ ራስዎ ድናለች አላሉም? ስለቱንም ተቀብለዋል። ስለት ከተበላ በኋላ በሽታው አለ ይባላል እንዴ?» ሰውየው አልተቆጡም፤ የምራቸውን ነው የጠየቁት።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ጥሩነሽ ወደ ሰኚ ዞራ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አለቻት። ልጅቷ ጫማዋን ጫማዋን እያየች «ሕፃኑ ያለቅሳል» አለች። ፌስታሏን አንስታ አባቷን ተከትላ ወደ ያዮ ሄደች።

ጥሩነሽ ያላንኳኳችው በር የለም። አለቃዋ «እኛ ስፖርት ነን፤ ሰው ቤት ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገን?» አላት። ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ «መጥታ ትታይ» አለቻት፤ መምጣት ብትችልማ ማን ይቸገር ነበር! ስልክ ስትደውል ጋሼ ደቅሲሳ «ደህና ናት፣ ሥራ ላይ ናት» ይሏታል። አንድ ቀን እትዬ ሻሽቱ ሜዳው ድረስ መጡና፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው «ልጅቷ አፏን መልሳ ዘጋች» አሏት። ጥሩነሽ ራሷን ረገመች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሷ ግን የምትለቅመው እንኳ አልተረፈላትም።

ኳስ ይዛ ወደ ያዮ ሄደች። ከሚኒባሱ መስኮት ወደ ውጭ ስታይ መንገዱን አወቀችው፤ ግንቡ ላይ ስታየው ከርማለች።

ሰኚ ሕፃኑን አዝላ ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና ታገላብጣለች። ከስታለች። ጥሩነሽ አቅፋ ሳመቻት፣ ሕፃኑን ከጀርባዋ ተቀብላ ታቀፈችው፣ ከዚያ በአንድ እጇ ኳሷን ሽቅብ ወረወረችላት። ኳሷ ወጣች፣ ቁልቁልም ተመለሰች። ሰኚ አየቻት። እጇ እንደመነሳት ብሎ ነበር፤ አፏ ግን አልተከፈተም። ኳሷ መሬት ነጥራ ቡናው ሥር ገባች። ጥሩነሽ የምታውቀው መድኃኒት ይኸው ነበር፤ ሌላ የላትም።

ጋሼ ደቅሲሳ ጎንበስ ብለው ኳሷን አወጡ፣ አፈሩን በጋቢያቸው ጠረጉና ለልጃቸው ዘረጉላት። አልተቀበለችም። ኳሷን አስቀምጠው ወደ ቤት ገቡ። ሲወጡ ከፊተኛው የሚበልጥ ባልዲ ተሸክመዋል፤ ማሩ እስከ አፉ ሞልቷል።

«ያኛው አንሶ ነው መሰለኝ» አሉ። «ሁሉንም ይውሰዱት። ብቻ እንደዚያን ቀን እልል ይበሉልኝ።»

ጥሩነሽ ሕፃኑን እንደታቀፈች ቀረች። ማሩን የምትቀበልበት እጅ አልነበራትም፤ እምቢ የምትልበት አፍም አጣች።