ሬንጅ የነካት ጥንቸሌ

ትናንት ከቤቴ ፊት ለፊት መንገድ ሲሠራ የትኩስ ሬንጅ ሽታ በመስኮት ገብቶ ልጅነቴን፣ የአሥመራውን ገዛ ባንዳ ሰፈር ቀሰቀሰብኝ።

አባቴ በንጉሡ ዘመን ከመሀል አገር ወደዚያ የተላከ ሻምበል ነበር። አንድ ቀን ጥንቸሌ ጎኗ በሬንጅ ተለቅልቆ መጣች። አባቴ በቤንዚን ሊያጥባት ሲነሣ አቅፌያት ወደ ጎረቤታችን ወደ አደይ ለተብርሃን ሮጥኩ፤ እሱም ቤንዚኑን እንደያዘ ተከተለኝ።

«አይፋልን! አይሆንም፣ ቤንዚን ያቃጥላታል» አሉ አደይ። «ጓለይ፣ ልጄ፣ እንዳትልሰው አጥብቀሽ ያዢያት።»

በጣታቸው የምግብ ዘይት እያሹ ሬንጁን ያለሰልሱታል፤ የለቀቀውን በጨርቅ ይጠርጋሉ። ጥንቸሏ ክንዴን ቧጨረችኝ፤ ሳትድን አልለቃትም ብዬ ጥርሴን ነከስኩ።

አባቴ ትዕግሥቱ አለቀና «ሳብ ቢያደርጉት አይቀልም?» አለ።

አደይ ቀና ብለው የደንብ ልብሱን አዩ። «ሻምበል፣ በጉልበት የሳቡት ነገር ቆዳ ይዞ ይመጣል» አሉት።

አባቴ ፊቱ ቀላ። ከዚያ ኮቱን አውልቆ አጠገቤ ተንበረከከና የጥንቸሏን እግሮች ያዘልኝ። በመጨረሻ ዱቄት ነሰነስንባት፤ ዘይቱን ሲመጥ አራገፍነው። ጠጉሯ ቢሳሳም ቆዳዋ ሳይጎዳ ተረፈች፤ ማታውኑ ጎመን በላች።

አደይ የተናገሩት ስለ ጥንቸሏ ብቻ እንዳልነበር የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። አባቴ ግን ያኔውኑ ገብቶት ነበር።