ሳልነግራቸው አልወጋም

ዲላ ሐኪም ቤት ሥራ የጀመርኩት ጣልያን ከተማውን በያዘ ሰሞን ነው። የመጀመሪያው ቀን ሥራዬ መርፌ መቀቀልና ቁስል ማጠብ ነበር፤ ቆይቶ መውጋትም ተማርኩ። ሚሲዮን ቤት የተማርኩት ጣልያንኛ ስለነበረኝ፣ ጣልያኑ ሐኪም ጌዴኦኛም እንደምችል ሲሰማ አስተርጓሚም አደረገኝ።

አንድ ጠዋት ካገሩ አዲስ መድኃኒት በትንንሽ ብልቃጥ ታሽጎ መጣለት። ለቁንጭር ነው፤ ያ ፊት ላይ ወጥቶ አፍንጫና ከንፈር የሚበላው ቁስል። እስከዚያ ድረስ ለዚህ በሽታ መድኃኒት ያሰበ ሰው አላየሁም።

ሐኪሙ ከደጋው ከቡሌ በዘበኛ የተነዱ ሕሙማንን ግቢው ውስጥ አሰልፎ፣ “የጉንፋን መርፌ ነው በላቸው” አለኝ።

“ዶቶሬ፣ በሰው ላይ ተሞክሮ ያውቃል?”

“እሱን ልናይ አይደል?”

ወደ ሰዎቹ ዞሬ በጌዴኦኛ፣ “መድኃኒቱ ለቁንጭር ነው፤ አዲስ ነው። ያድን ይጉዳ ሐኪሙም አያውቅም። ያልፈለገ እጁን አይስጥ” አልኳቸው። ሁሉም እጃቸውን ቡሉኳቸው ውስጥ ከተቱ።

“ምን አልካቸው?”

“እውነቱን።”

በጥፊ አጮለኝ።

ይሄኔ ሎኮ የምትባል የእንሰት ገበሬ ተነሣች። ቁስሉ አፍንጫዋን ጀምሮታል። “እኔ እወጋለሁ። ግን ይሄ ልጅ ይውጋኝ፤ አቁም ስል ደግሞ ይቁም” አለች። ተረጎምኩለት። ሐኪሙ ሳቀና “እሺ” አለ።

በየቀኑ ስወጋት፣ በሳምንቱ ያስመልሳት ጀመር፤ ልቧም ይደልቃል። “አቁም” አለችኝ። መርፌውን ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩ።

“ውጋ!” አለ ሐኪሙ።

“አቁም ብላለች።”

“እዚህ የማዝዘው እኔ ነኝ!”

“ክንዱ የእሷ ነው።”

በዚያው ቀን ለመንገድ ሥራ ድንጋይ እንድፈልጥ ላከኝ። መዳፌ ተላጠ፤ አልቆጨኝም።

ሎኮም ሸሽታ አገሯ ቡሌ ገባች። ዘበኛ ሲመጣ እንሰቱ ውስጥ ትሰወራለች፤ ጎረቤቱ ሁሉ “አላየናትም” ይላል። በመጨረሻ ለሐኪሙ መልእክት ላከችለት፦ “ልጁን መልስ፣ መጠኑንም ቀንስ፤ ያኔ እመጣለሁ።” መድኃኒቱ መሥራቱን ለአለቆቹ የሚያሳይበት ሌላ ሕመምተኛ አልነበረውም። እየተራገመ አስመጣኝ።

በትንሽ በትንሹ፣ እያሳረፍን ወጋናት። ጠባሳው ቀረ፤ አፍንጫዋ ግን ተረፈ። ከዚያ ሌሎቹም በገዛ እግራቸው መጡ። አንዳንዶቹ አልዳኑም። ምን እንደሚወጋ ሳይጠይቅ እጁን የሰጠ ግን አንድም አልነበረም።

ጣልያን ከወጣ በኋላም እስከ ጡረታ በዚሁ ሙያ ቆየሁ። ለወጣት ባልደረቦቼ የምለው ይሄን ነው፦ አዲስ መድኃኒት የሚሞከርበት ሰው የሚወጋውን ማወቅ፣ ካልፈለገም እምቢ ማለት መቻል አለበት። ይሄን የማይቀበል መርፌ አይያዝ።