ብረቱና የአማቹ ወንበር

በሽመና ቤቱ «ብረቱ» ይሉታል። ስሙን ያወጣው ራሱ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መደገፊያ በሌላት ዱካ ላይ ጎብጦ መወርወሪያ ሲወረውር ኖሯል፤ «ወገብህ እንዴት ነው?» ሲሉት ግን «ብረት!» ነው መልሱ። የብረቱን ጉድ የምታውቀው ሚስቱ ብቻ ናት፤ ጠዋት ጠዋት የጫማውን ክር የምታስርለት እሷ ናትና።

አንድ ቀን የሠራተኞች ጤና ባለሙያ ወረቀቷን ይዛ መጣች።

«ወገብዎን ያምዎታል?»

ፈትል የሚያጠነጥኑት ሴቶች ጆሯቸውን አቁመዋል። «ኧረ የኔ ልጅ፣ ብረት ነው!» አለ ደረቱን ነፍቶ።

አጠገቡ የሚሠራው የታናሽ እህቱ ባል ግን ከአንገቱ እስከ አውራ ጣቱ ያለውን ሕመም ሲዘረዝር ወረቀት አልበቃው አለ።

በወሩ አንድ ወንበር መጣ፤ መደገፊያ ያለው፣ በብሎን ከፍ ዝቅ የሚል። ለማን? ለአማቹ!

ብረቱ በቅናት ነደደ። አማቹ ተደግፎ እያፏጨ ሲሠራ ማየት ከወገቡ ሕመም ባሰበት። «አራስ እንኳ እንዲህ አትደገፍም!» ይላል ለራሱ።

ከዚያማ ሰይጣን ሹክ አለው። ጠዋት ከሁሉ ቀድሞ እየገባ ብሎኑን ትንሽ ትንሽ ዝቅ ያደርገው ጀመር። መጎንበሱ ወገቡን ቢሰነጥቀውም ጥርሱን ነክሶ ቻለው። በሁለት ሳምንት የአማቹ ጉልበት አገጩ ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረው።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ ያደግኩት ወይስ ወንበሩ ነው ያጠረው?»

«ድሎት ነው ያሳደገህ!»

አማቹ እንደሱ ሕመሙን የሚውጥ መሰላችሁ? ባለሙያዋ ስትመለስ እሪ አለባት። እሷም ደንግጣ ወንበሩን አስተካከለች፤ በላዩ ትራስና የእግር ማሳረፊያ ጨመረችለት።

ትራስ! ይህን ብረቱ አልቻለም። «እኔስ?» ብሎ ከዱካው ዘሎ ሊነሳ ሲል ወገቡ ያዘው፤ እንደተጎነበሰ ቀረ።

አማቹ ሮጦ ደገፈው። «ጋሼ፣ ብረት አልነበርክ እንዴ?»

«ዝጓል» አለ መሬት መሬቱን እያየ።

ባለሙያዋ ወረቀቷን አወጣች። «የት የት ነው የሚያምዎት?»

«ከጫማዬ ክር ጀምሪ፣ የኔ ልጅ።»

የሱ ወንበር እስኪመጣ ብሎ አማቹ በራሱ ወንበር ላይ አስቀመጠው። ጀርባው መደገፊያውን ሲነካ ዓይኑ በራሱ ጊዜ ተከደነ። ለካ እስከዛሬ የቀናው በድሎቱ ግማሽ ብቻ ነበር! አንድ ዓይኑን ገልጦ አማቹን ገላመጠው።

«አንተ! ይህን ሁሉ ጊዜ እዚህ ላይ ነበርክ?»