ሆድ ያወጣው ግድግዳ

አባቴ ግንበኛ ነው። ከሰው ጋር በአማርኛም በአውንጊም ያወራል፤ ድንጋይን የሚያናግረው ግን በአውንጊ ብቻ ነው። እጁ ላይ እያገላበጠ «ፊትህ የት ነው?» ይለዋል። ፊቱን ሲያገኝለት በጭቃ ያስቀምጠውና ቱምቢውን፣ ያቺን በክር የታሰረች ብረት፣ አንጠልጥሎ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል።

እንጅባራ የነበረውን የእንጨት ቤታችንን ዝናብ ስላበሰበሰው በበጋው አፍርሰን የድንጋይ ቤት ጀመርን። እስኪያልቅ እኛም ጥጆቹም በቀርከሃ ዳስ ውስጥ ነበርን፤ ዳሱ ደግሞ ክረምትን አይችልም። ሦስቱ ግድግዳዎች አልቀው አንዱ ሲቀር ድንጋይ የአባቴን ቀኝ እጅ ቀጠቀጠው። ደመናው መሰብሰብ ጀምሮ ነበር።

ጫግኒ ከመንገድ ሠሪዎች ጋር ይሠራ የነበረው ታናሽ ወንድሙ ወሬውን ሰምቶ በበቅሎ ሲሚንቶ አስጭኖ መጣ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይቀመጡ። በካሳፎርማ እናቆመዋለን።»

«ምንድን ነው እሱ ደግሞ?»

«ግራና ቀኝ ሳንቃ ይቆማል። ድንጋዩን ፊቱን ወደ ሳንቃው አድርገን እንደረድራለን፤ ከጀርባው ሲሚንቶና ጠጠር እንሞላለን። ሲደርቅ ሳንቃውን ወደ ላይ ከፍ አድርገን እንቀጥላለን። ማንም ይችለዋል፤ እትዬም፣ ይቺ ዓይነ አፋርም።»

«ታዲያ ይሄ ግንብ ነው ወይስ ጎመን ድስት ውስጥ መክተት?» አለ አባቴ።

ዓይነ አፋሯ እኔ ነበርኩ።

ሳንቃ አልነበረንም። የእንጅባራ ሰው ሲቸግረው ግን እጁ የሚሄደው ወደ ቀርከሃ ነው፤ አጥሩም፣ አልጋውም፣ ጎተራውም ቀርከሃ ነው። አጎቴም ቀርከሃ ሰንጥቆ እንደ ሳንቃ አቆመው። እስከዚያ ቀን ድንጋይ ከማቀበል አልፌ አላውቅም ነበር። አሁን እናቴና እኔ ስንደረድር አባቴ ከበርጩማው ላይ «ፊቱን! ፊቱን አዙሪው!» እያለ ይጮሃል። ማንም እንዳይሰማኝ ተጠንቅቄ እኔም ድንጋዩን በአውንጊ ጠየቅሁት።

ቀርከሃው ወደ ላይ ከፍ እንዲል በተፈታ ጊዜ ግድግዳው መሃሉ ላይ አብጦ፣ የቀርከሃው አንጓ ሳይቀር ታትሞበት ወጣ። ጎረቤታችን በአጥሩ በኩል ብቅ አለች።

«ውይ! ይቺ ደግሞ ስንት ወሯ ነው?»

እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። አጎቴ አልሳቀም። «አፈርሰዋለሁ» አለ መሬት መሬት እያየ። ከፈረሰ ግን ዝናቡ እንደሚቀድመን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

አባቴ ተነሣ። እጁ ታስሮ ስለነበር ቱምቢውን ለእኔ ሰጠኝ። ከላይ ይዤ ስለቀው ክሩ ሆዱን አልፎ ወረደ፤ ጫፉና እግሩ ልክ ነበሩ፣ ያበጠው መሃሉ ብቻ ነው። አባቴ የግድግዳውን እግር በተረከዙ ረገጥ ረገጥ አደረገው።

«አታፍርሰው። ከዚህ በላይ ስትቀጥል ግን ቀርከሃውን በወፍራም እንጨት ደግፈው። ቀርከሃ እንደ አንተ ነው፤ ሲጫኑት ይጎብጣል።»

ያኔ አጎቴም ሳቀ። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ የወረደው ጣራው በሣር ተከድኖ ካበቃ በኋላ ነው።

አሁን ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት ስመጣ አባቴ ፀሐይ የሚሞቀው ራሱ ቀጥ አድርጎ ባቆማቸው ግድግዳዎች ሥር አይደለም፤ ያቺኛዋን ተደግፎ ነው። ሆዷ ለወገቡ ይመቸዋል። ጎረቤታችን አልፋ ስትሄድ ዛሬም ትጠይቀዋለች፦

«አልወለደችም እንዴ?»

«ገና ናት» ይላል፣ በዳነው እጁ መታ መታ እያደረጋት።