ባዶውን አልመልሰውም

«ድፊው አልኩሽ!»

«አልደፋም!»

አክስቴ ዘይነባ የሳህኑን አንድ ጎን፣ እኔ ሌላውን ጎን ይዘን እንጓተታለን። ክሬሙ ላይ የነሰነስኩት ኮኮዋ ሲሰነጣጠቅ ይታየኛል። ሳሎን ውስጥ ለእህቴ ለሙና ከኮምቦልቻ የመጡ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። እኛ ጓዳ ሆነን በሹክሹክታ እንጣላለን።

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ደሴ፣ ቤታችን ውስጥ ነው። ሙና ዛሬ ባለትዳር ሆና ኮምቦልቻ ትኖራለች። የዚያን ቀን ነገር ግን አሁንም ሲታወሰኝ ደሜ ይፈላል።

ጣፋጩ ቲራሚሱ ይባላል፤ የጣሊያኖች ነው። ሙና አንድ ካፌ ቀምሳው «ለሽማግሌዎቹ እሱን ሥሪልኝ» ብላኝ ነበር። መጋገር አያስፈልገውም። ወፈር ያለ ቡና አፍልቼ አቀዘቀዝኩ፤ ብስኩቱን ነከር እያደረግሁ ደረደርኩ። የነሱን አይብ ስላላገኘሁ የኛኑ ለጋ አይብ ከክሬም ጋር መትቼ ቀባሁበት። ከዚያ እንደገና ብስኩት፣ እንደገና ክሬም። አሠራሩ ላይ «መጠጥ ጨምሩበት» የሚለውን ዘለልኩት።

ጠቡ የመጣው በሳህኑ ነው። ጎድጓዳ የመስታወት ሳህን ስላልነበረን ከጎረቤታችን ከእትዬ አስካለ ተዋስኩ። እትዬ አስካለ ክርስቲያን ናቸው።

«ስጋቸውን በበሉበት ሳህን ለሽማግሌ ልታቀርቢ? ያ አላህ!» አሉ አክስቴ።

«ወላሂ ስጋ ነክቶት አያውቅም። ለኛ ብለው ለይተው ያስቀመጡት ነው።»

እውነቴን ነው። በሰፈራችን ክርስቲያኑ ለሙስሊም እንግዳው፣ ሙስሊሙም ለክርስቲያን እንግዳው የተለየ ዕቃ ያኖራል። የእትዬ አስካለ በአሮጌ ነጠላ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን ላይ ይቀመጣል።

«አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ? ሂጂ ግጥምሽን ጻፊ!» አሉ አክስቴ፤ ግጥም መጻፌን እንደ ሥራ አይቆጥሩትም።

ዞር ስል እትዬ አስካለ የጓሮው በር ላይ ቆመዋል። ከዚያው ጥቅል ያወጧቸውን ማንኪያዎች ይዘውልን መጥተዋል። ሁሉንም ሰምተዋል።

«ግድ የለም ልጄ፣ ድፊው። እንግዳ ባለበት ቤት ጠብ አያምርም» አሉኝ። ማንኪያዎቹን ግን ደረታቸው ላይ ጭምቅ አድርገው ይዘዋቸው ነበር።

እናቴን አየኋት። ጓዳው ጥግ አቀርቅራ ሙዝ ትልጣለች።

አክስቴ ክፉ ሰው አይደሉም። በሽማግሌዎቹ ፊት እንዳንዋረድ ፈርተው ነው። ያኔም ይገባኝ ነበር፣ አሁንም ይገባኛል። ግን ውርደት ፈርተን የምናዋርዳቸው ሴት እዚያው ቆመው ነበር። ነገ ቢደገም ያን ቀን ያደረግሁትን አደርጋለሁ።

«የጎረቤት ሳህን ባዶውን አይመለስም። ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት» አልኳቸውና ሳህኑን ከአክስቴ እጅ ነጠቅሁ። «እትዬ አስካለ፣ ይምጡ፤ እርስዎ ቤት እንበላዋለን።»

እሳቸውን አስቀድሜ ወጣሁ።

«ለእኔና ለሙና አስቀሩልን!» አለች እናቴ ከኋላችን፣ ሳሎን ድረስ በሚሰማ ድምፅ።

በሩን በእግሬ ገፍቼ ዘጋሁት።