በሚካኤል ቀን የተቆጠሩ ሠራተኞች

ወረታ፣ ኢንቨስትመንት ጽሕፈት ቤት የገባሁ ቀን ኃላፊው ወንበር እንኳ ሳያሳዩኝ ሥራዬን ነገሩኝ። ባለሀብት ውል ይፈርማል፤ ይህን ያህል የአካባቢ ሰው ቀጥሬ አሠራለሁ ይላል፤ በምትኩ ለተወሰኑ ዓመታት ግብር አይከፍልም። የእኔ ድርሻ ቃሉን መጠበቁን ማየት ነበር። «ሲፈርም ሁሉም ይስቃል፤ አንተ የምትገባው ሳቁ ሲያልቅ ነው» አሉኝ።

መደቤ የክትትልና ድጋፍ ባለሙያ ይባላል። ክትትሉን በእግሬ ሠራሁት፤ ድጋፉ ምን እንደሆነ ጡረታ እስክወጣ አልገባኝም።

በወረዳችን በፎገራ ውል ከሚፈርሙት ብዙዎቹ የሩዝ መፈልፈያ ባለቤቶች ናቸው። ማሽኑ ገለባውን ይገፋል፤ ጠጠሩንና የጠቆረውን ፍሬ በሰፌድ የሚለቅሙት ሴቶች ናቸው። ስለዚህ ሠራተኛ ቆጠርን ስንል ለቃሚ ቆጠርን ማለታችን ነው።

ቆጠራው ደግሞ የራሱ ጉድ አለው። አንዱ ባለቤት አጣሪ እንደሚመጣ ሰምቶ ዘመዶቹን አዲስ ጋውን አልብሶ ጠበቀን። መኪናችን ሲቆም ሁሉም መሯሯጥ ጀመረ። አንዲት ሴትዮ ከባዶ ሰፌድ ላይ አጎንብሳ ትለቅማለች። ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጡት አጣሪዎች ቆጠሩ፣ ፈረሙ፣ ሄዱ። እኔ ያየሁትን ለኃላፊው ተናገርሁ። «ሲሠሩ ተገኝተዋል አይደል?» አሉኝ።

ሌላው የመፈልፈያ ባለቤት አቶ ደሳለኝ ግን የእውነት ያሠራ ነበር። ግልፍተኛ ነው፤ ደመወዝ ግን አያሳድርም። ከለቃሚዎቹ ቀልጣፋዋ እንጉዳይ ነበረች። ባሏ ሞቷል፤ ማሳዋን የርብ ወንዝ ጎርፍ ደለል ሞልቶባታል፤ ሁለት ልጆቿን የምታስተምረው በዚያ ሥራ ነው።

የእሱ ተራ ሲደርስ አጣሪዎቹ ወሩ በገባ በአሥራ ሁለት እንመጣለን አሉ። የወሩ ሚካኤል ነው። በዚያ ቀን በእኛ አገር አይታረስም፣ አይፈጭም፣ አይለቀምም። ስልክ ደውዬ ቀኑን እንዲለውጡ ጠየቅሁ፤ መርሐ ግብሩ ወጥቷል አሉኝ።

አቶ ደሳለኝ ሴቶቹን ለመናቸው፤ ባትሠሩም መጥታችሁ ታዩልኝ አላቸው። እነሱም የደብሩን ቄስ አማከሩ። ቄሱ መታየት ሥራ አይደለም፣ ከቅዳሴ በኋላ ሂዱ ብለው ፈቀዱላቸው። ሁሉም ነጭ ነጠላ እንደለበሱ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ መጥተው በመፈልፈያው ግድግዳ ሥር ተደረደሩ።

የአጣሪዎቹ መሪ ትሑት ሰው ነበር፤ አንገቱ ላይ ማተብ አስሯል። ሴቶቹን ከዳር እስከ ዳር አያቸውና እነዚህን ከቅዳሴ መልስ ለቅመህ ነው ያመጣሃቸው አለ። አቶ ደሳለኝ የደመወዝ መዝገቡን አወጣ። መሪው መዝገብ ማንም ይጽፋል ብሎ ገፋው። ከዚያ ወደ እንጉዳይ ዞሮ፣ ለቃሚ ከሆንሽ እስቲ ጥቂት ልቀሚልኝና ልይ አላት።

አቶ ደሳለኝ ሰፌድ አቀበላት። አልተቀበለችውም።

«ጌታው፣ ነገ ይምጡ፤ ስለቅም ይዩኝ» አለችው። «ዛሬ ሚካኤል ነው። ለእርስዎ ብየ ታቦቱን አላስቀይምም።»

አቶ ደሳለኝ ፊቱ ደም መሰለ። እኔ መሪውን ወደ ጎን ጠርቼ ወረታ እንዲያድሩ ለመንሁት። የመጡበት አበል የአንድ ቀን ብቻ መሆኑን ነገረኝ። ሴቶቹን በየስማቸው እንደማውቃቸው ብነግረውም አልሰማኝም። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባላል፤ ያን ቀን ግን ቡዳውም ባለሥልጣን ነበር። «በሥራ ላይ የተገኘ ሠራተኛ የለም» ብሎ ጻፈ።

የአቶ ደሳለኝ የግብር እፎይታ እንደገና እስኪጣራ ታገደ። የሚያጣራው ሳይመጣ ክረምት ገባ፤ ሜዳው ውኃ ሞላ፤ ግብር የመክፈያው ጊዜም ደረሰ። አቶ ደሳለኝ ከፈለና ለቃሚዎቹን አሰናበተ። በቦታቸው በበዓልም ሥራ የሚገቡ ሰዎች ከሩቅ አመጣ። በሚቀጥለው ማጣሪያ እፎይታው ተመለሰለት። ውሉ የአካባቢ ሰው ይላል፤ ከየት እንደመጡ ግን የጠየቀ የለም። በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንደዚያ የተናደድሁበት ነገር የለም።

ከጊዜ በኋላ እንጉዳይን ይፋግ ገበያ ሽንኩርት ስትቸረችር አገኘኋት። ልጆቿን ጠየቅኋት። ትንሹ ይማራል፤ ትልቋን ከትምህርት ቤት አስወጥታ ሰው ቤት አስቀጥራታለች። ሽንኩርቱን እየመዘነች፣

«ውሉን የጻፉት ሰዎች ሚካኤል በወር በወሩ መምጣቱን አያውቁም?» አለችኝ።

«ያውቃሉ» አልኋት።

«እንግዲያ ምነው ሳይጽፉት ቀሩ?»

ሽንኩርቴን ይዤ ሄድሁ።

ይህን ለምታነቡ የሥራ ባልደረቦቼ፦ የግብር እፎይታ ውል ስታረቅቁ ስንት ሰው እንደሚሠራ ብቻ አትጻፉ። የሚያርፉበትንም ቀን ጻፉ፤ አጣሪም በዚያ ቀን አይላክ በሉ። ለዚህ አንድ መስመር ይበቃል።